ሦስት ሌንስና በጥግ የቆመ ሰው

ስለ አሮጌ ፕሮጀክተር ሌንስ አሁን ማንም አያሳስተኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ሦስት ሌንሶችን በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ማሽን ላይ አፈራርቄ አይቻለሁ፤ በመጀመሪያው ደግሞ ሰው ፊት ተሳስቻለሁ። ሰው አጥብቆ የሚያውቀው የተሳሳተበትን ነገር ነው።

ፕሮጀክተሩን ያገኘሁት ከቆራሌ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ቤቶች መነሳት በጀመሩበት ሰሞን ሰው አልጋ ሥር ገፍቶ የረሳውን ሁሉ ወደ በር ያወጣ ስለነበር፣ ቆራሌዎቹ ጆንያ አልበቃ ብሏቸው ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አንዱ ከተበሳሳ ድስትና ከአልጋ ብረት መሃል እጀታ ያለው ግራጫ ሳጥን ይዞ አየሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የልብስ ስፌት መኪና ነው» አለኝ፤ «መርፌው ብቻ ነው የጎደለው።»

ክዳኑን ስከፍተው ሁለት የፊልም ጥቅል መስቀያ ክንዶች፣ የተቃጠለ አምፖልና ከፊት የተሰካ ወፍራም ሌንስ አየሁ። ሜክሲኮ አንድ ሱቅ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ፤ ሁለቱንም ያስተማረኝ ሰው የለም። ስለዚህ የማላውቀው ማሽን ያጓጓኛል እንጂ አያስፈራኝም። መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ለወጥኩት፤ ቆራሌው የሸወደኝ መስሎት በጣም ደስ ብሎት ሄደ።

በሦስት ቀን አስነሳሁት። የላሸቀውን የጎማ ቀበቶ ቀየርኩ፤ በተቃጠለው አምፖል ቦታ ቡልጋሪያ ሰፈር ካሉት ጋራዦች በአንዱ ያገኘሁትን የመኪና የፊት መብራት አምፖል ገጠምኩ። ከሳጥኑ ጋር አንድ ጥቅል ፊልም መጥቶ ነበር፤ የማላውቃቸው ፈረንጆች ሐይቅ ዳር ሽርሽር ወጥተው ዳቦ ይቆርሳሉ። ሰዎች ድሮ ልጆቻቸውንና ሰርጋቸውን ያነሱበት የነበረው ቀጭኑ ዓይነት ፊልም ነው፤ አንዷ ምስል ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ያቺን ምስር የግድግዳ ያህል የሚያደርጋት ሌንሱ ነው።

ማሽኑ ሲሠራ ድምፁ ግድግዳ ያልፋል። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?»

«የድሮ ፊልም ማሳያ ነው እትዬ።»

ገብተው ማሽኑን ዞረው አዩትና ወጡ። ሲመለሱ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘዋል። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ የፊልም ጥቅል ነበር።

«ይሄንንስ ያሳያል?»

በእጄ መዝኜ መጠኑን አየሁ። ልክ ነው። «እንዴታ» አልኩ። እትዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ነገሩን ነገሩኝ።

የወሎ ሰው ናቸው። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። ባላቸው ደግሞ ፈረንጆች መንገድ በሚሠሩበት ካምፕ ሾፌር ነበሩ። አባት ሾፌሩን አልወደዱም፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለሚያድር ሰው ልጄን አልሰጥም አሉ። የእናት ዘመዶች ጨክነው ሰርጉን በእነሱ ግቢ ሲቆርጡ፣ አባት «ለሰርጓ ደጁን ብረግጥ እግሬን ይቁረጠው» ብለው ማሉ። ዓመት ሳይሞላም ሳይታረቁ ሞቱ።

ሰርጉን ከካምፑ የመጣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ በፊልም አንስቶታል። ፊልሙ ውጭ አገር ታጥቦ ሲመለስ ካምፑ ውስጥ አንሶላ ተወጥሮ ታየ። ባላቸው ሄደው አዩ። እትዬ ግን ሙሽራ ነበሩ፤ የዚያን ጊዜ ሙሽራ እንዳሁኑ በሳምንቷ ብቅ አትልም፤ ገና ከጫጉላ አልወጡም።

«ማታ ሲመለስ ምን አለኝ መሰለህ? አባትሽ መጥቶ ነበር። በሩ ጋ ቆሞ ፊልሙ ውስጥ አየሁት አለኝ። አባቴ ከሞተ በኋላም አለቀስኩ ባለ ቁጥር ይሄንኑ ነው የሚነግረኝ። መጥቶ ነበር፤ መጥቶ ነበር። ሃምሳ ዓመት። መሐንዲሱ አገሩ ሲገባ ፊልሙን ሰጠን፤ ማሳያው ግን ከየት ይምጣ?»

«እና አላመኗቸውም?»

«አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሊያባብለኝ ነው እላለሁ። ደግ ሰው ነበር፤ ደግ ሰው ደግሞ ይዋሻል።»

ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እትዬ እሑድ ወደ ደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ነው፤ የከተማው ጫፍ ነው። ከዚያ በፊት፣ ባላቸው በኖሩበት ቤት ውስጥ፣ እውነት ይሁን ውሸት ማወቅ ይፈልጋሉ። ያን ቀን ማክሰኞ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑን እቤታቸው ወስጄ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንኩ። አብሮት የመጣው ሌንስ ላይ አንድ ነጥብ ሁለት የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ የሚያሳልፈው ብርሃን ይበዛል። ይህን ከስልክ ካሜራ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ምላሴ ረዘመ።

«እትዬ፣ ከዚህ የበለጠ ብርሃን የሚሰጥ ሌንስ አይገኝም። አባትዎ ካሉ አያመልጡንም።»

ምስሉ ግድግዳውን ሞላው። ቀለሙ ገና አልሞተም። ከፊት ሴቶች ያጨበጭባሉ፤ አንዲት ቀጭን ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አሉ እትዬ። «ምን ያህል ከስቻለሁ። ምግብ ከልክለውኝ ነው የዳሩኝ እንዴ።»

ከዚያ መሐንዲሱ ካሜራውን ወደ ግቢው መለሰው። ሙሽሮቹ መሃል ላይ ናቸው፤ በቀኝ በኩል የእንጨት በር ይታያል፤ ከበሩ ምሰሶ አጠገብ፣ የምስሉ ጥግ ላይ፣ ነጭ የለበሰ ሰው ቆሟል። አምስት ሰከንድ ያህል ይቆያል። እትዬ ከዱካቸው ተነስተው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ሰውየው የጭጋግ ቁራጭ ይመስላል፤ ፊቱ አይለይም፤ ከአገጩ ሥር ግን ጠቆር ያለ ነገር አለ።

«ጺም ነው» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። «ረጅም ጺም ያለው ሰውዬ ነው።»

ፊልሙ አለቀ። እትዬ ፊታቸውን ከግድግዳው አላዞሩም።

«አባቴ ጺም አልነበረውም። በየሳምንቱ ይላጭ ነበር፤ ጺም ድሩ ላይ ይጠላለፍብኛል ይላል።»

«ምናልባት ያን ሰሞን...»

«አልነበረውም አልኩህ እኮ።» ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረዱና በልክ በልኩ አጠፉት። «እንግዲህ ሲያባብለኝ ነው የኖረው። በቃ፣ ውሰደው፤ እኔ ምን ይሠራልኛል።»

ፊልሙን ይዤ ወጣሁ። የአንድ ሰው የሃምሳ ዓመት ቃል በእኔ አንድ ቃል ወድቋል። ስህተት ጽፌ አውቃለሁ፤ የጻፍኩትን ግን እሰርዛለሁ። ይሄኛው ከአፌ ወጥቷል።

በማግስቱ ማሽኑንና ሁለቱንም ፊልሞች ይዤ ቡልጋሪያ ሄድኩ። ፍሬን ሸራ ከሚሸጥበት ሱቅ ፎቅ ላይ፣ ድሮ ካሜራ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ዛሬ የመነጽር ብሎን በማጥበቅ የሚውሉ ሽማግሌ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ነገሩን ሰምተው ጨረሱ።

«ጺም ነው አልክ?»

«ጺም ይመስላል።»

«ለሴትዮዋ ግን ነው ብለሃታል። ገጣሚ ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ፤ መምሰልና መሆን አይለይላችሁም።»

ሌንሱን ተቀብለው ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩበት።

«ይሄ መሃል አገር ብቻ ነው የሚያውቀው» አሉ። «ጠረፍ ሲደርስ ይሰክራል። አፉ ሰፊ ስለሆነ ብርሃን ይሰጥሃል፤ ጥጉን ግን ያበላሽብሃል። ሰውየህ ጥግ ላይ ነው አይደል የቆመው?»

ከመሳቢያቸው ሁለት ሌንስ አወጡ። አንደኛው እያዞሩ ምስሉን ማሳደግና ማሳነስ የሚቻልበት ዙም ነው፤ ሁለተኛው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ጥቁር ነው፤ ቁጥሩ ሁለት ይላል። የማሽኑ ቀዳዳ ለትንሿ አንገት ስለሰፋባት ከቆርቆሮ ጣሳ ቀለበት ቆርጠን አጠበቅናት። የእትዬን ፊልም ጋሼ አሸተቱት፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል።

«ደርቋል። ከአራት አምስት ጊዜ በላይ ማሽን ውስጥ አይለፍ። ሙከራውን በሌላ አድርገው።»

በፈረንጆቹ ሽርሽር ሞከርን። በዚያ ፊልም ውስጥ ከሐይቁ ዳር እስከ ምስሉ ጥግ የሚዘልቅ የሽቦ አጥር አለ። ከእሱ የተሻለ መለኪያ አይገኝም፤ ሽቦው እስከ የት እንደሚቆጠር ማየት ነው። በመጀመሪያው ሌንስ መሃል ላይ ያሉት ሽቦዎች እንደ ክራር ክር ጥርት ብለዋል፤ ወደ ጥግ ሲሄዱ እየወፈሩ መጥተው አንድ ጭስ ይሆናሉ። እንዴት እንዳላየሁት ገረመኝ። ዓይን የሚያርፈው ብርሃኑ ላይ ነው፤ ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ ሁሉ ጥሩ ይመስላል።

ዙሙ ምቹ ነበር። ማሽኑን ሳላንቀሳቅስ ምስሉን ከትሪ ወደ በር አሳደግኩት። ግን አጥሩ ዳር ላይ እንደ ሆድ ተነፍቷል፤ ደግሞ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ሻጋታ አብቅሎበት ሁሉም ነገር ወተት የተረጨበት መስሏል። ሐይቁን ከሰማዩ መለየት ያስቸግራል። ጋሼ ራሳቸው አፍረው ወደ መሳቢያው መለሱት።

ትንሿ ጥቁር ስትገባ መጀመሪያ የተበላሸች መሰለኝ። ምስሉ ጨለመ። ጋሼ «ታገስ፣ ዓይንህን አስለምደው» አሉ። ከደቂቃ በኋላ ሽቦዎቹን መቁጠር ጀመርኩ፤ ከመሃል እስከ መጨረሻዋ ጥግ አንድም አልጠፋኝም። ከአጥሩ ማዶ፣ እስከዚያ ድረስ ቁጥቋጦ ያልኩት ነገር ቁጭ ያለ ውሻ ነበር።

የእትዬን ሰርግ በትንሿ ሌንስ አንድ ጊዜ አሳለፍነው። በሩ መጣ። ሰውየው መጣ። እኔና ጋሼ አንድ ላይ ጎንበስ አልን።

«ጺም አይደለም» አልኩ።

«አይደለም። ጥለት ነው።»

ጥለት ነው፤ የኩታው ጥለት። ወደ ታች መውረድ የነበረበት ባለ ቀለም ጠርዝ ሽቅብ ወጥቶ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። ሰውየው ኩታውን አዘቅዝቆ ነው የለበሰው፤ ሰው ቀብር ሲሄድ፣ ለቅሶ ሲደርስ እንደሚለብሰው። አገጩ ባዶ ነው። ሌላም ነገር አየሁ። እግሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዴ ግራው ከፍ ይላል፣ አንዴ ቀኙ። በመጀመሪያው ቀን ፊልሙ የተርገበገበ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን አጠገቡ ያለው የበር ምሰሶ ንቅንቅ አላለም።

ጋሼ አምፖሉን አጠፉ።

«ሰርጉ ላይ ለቅሶ ለብሶ የመጣ ሰው» አሉ። «አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«አሳያቸዋለሁ።»

«ምኑን? አባትሽ ሰርግሽን ቀብር ብሎ መጣ ብለህ?»

«ባላቸው አልዋሹም።»

«አንዱን ሙት ልታነሳ ሌላውን ልትገድል ነዋ። ስማኝ፤ ዙሙን ውሰድና አሳያት። ምንም አይታይም። አልታየም ማለት ደግሞ ውሸት አይደለም።»

ዙሙን አልወሰድኩም። ከቡልጋሪያ እስከ ካዛንቺስ በእግሬ ስሄድ የጋሼን ምክር ደጋግሜ አሰብኩበት። ደግነት አለው። ግን እትዬ ባላቸውን እንዳያምኑ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ሕይወታቸውን ሙሉ ደግ ውሸት ተነግሮኝ ይሆን እያሉ የኖሩ ሴት ናቸው። እኔ ሌላ ልጨምርላቸው አልችልም።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩን አንኳኳሁ። ቤቱ ባዶ ሆኗል። ዕቃው በማዳበሪያ ታስሯል፤ ኮርኒሱ ለአዲሱ ቤት ይሆናል ተብሎ ተነቅሏል፤ ከቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ፀሐይ እንደ መርፌ ይገባል።

«እትዬ፣ ያን ቀን ጺም ያልኩት ስህተት ነው። ደግሜ ላሳይዎ። የሚያዩት ግን ደስ የሚል ላይሆን ይችላል።»

«አሳየኝ እንጂ። ሐኪም ነህ እንዴ፣ አስቀድመህ የምታዘጋጀኝ?»

ለትንሿ ሌንስ ቤቱ በጣም ጨለማ መሆን አለበት። ወንበር ላይ ወጥቼ የቻልኩትን ቀዳዳ ሁሉ በራሰ ሳሙና ደፈንኩ፤ እትዬ ከታች ሆነው «እዚያ ጋ፣ ወደ ግራ፣ እሱን ዝለለው፤ እሱ ዝናብ እንጂ ብርሃን አያስገባም፣ አውቀዋለሁ» ይሉኛል። ማሽኑን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት። ምስሉ ሲያንስ ብርሃኑ ይጠነክራል፤ የትሪ ያህል ሲሆን በቃኝ። እትዬ አጠገቡ ቁጭ አሉ።

ሰውየው ሲመጣ አንገቱን አላዩም። ያዩት እግሩን ነው።

«ይረግጣል» አሉ ቀስ ብለው። «እየው፤ ቆሞም ይሸምናል። እቤትም እንዲሁ ነበር፤ ከመሸመኛው ጉድጓድ ወጥቶ እንኳን እግሩ አያርፍም። እናቴ አርፈህ ቁም ትለው ነበር።» ፊልሙ አለፈ። «እሱ ነው። ድገመው።»

ደገምኩት። በዚህኛው ኩታውን እንዳዩት አወቅኩ፤ ምክንያቱም እጃቸው ወደ ራሳቸው ነጠላ ሄደ። ጥለቱን በሁለት ጣት ይዘው ቆዩ። ማሽኑን አጠፋሁ።

ከዚያ እትዬ ሳቁ። ትንሽ፣ በአፍንጫቸው።

«ተንኮለኛ» አሉ።

«ማን?»

«አባቴ ነዋ። ለሰርጓ ደጁን ብረግጥ ነው ያለው። ለለቅሶዋ አላለም። ሰርግ ይቀራል ልጄ፤ ለቅሶ ግን አይቀርም። የተጣላኸው ሰው ቢሞት እንኳን ትሄዳለህ። መሐላውን ሳያፈርስ መምጫ ፈልጎ ነው።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። «ግን ተቆጥተውም ይሆናል» አልኩ።

«ተቆጥቷል እንጂ። ተቆጥቶ ነው የመጣው። ያልተቆጣ ሰው እቤቱ ይቀመጣል።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ባሌም ኩታውን አይቶ ነው። መጥቶ ነበር ብቻ ነው የሚለኝ፤ እንዴት እንደ መጣ ብጠይቀው ወሬ ይለውጣል። ለብቻው ተሸክሞት ኖረ።»

ጥቅሉን መልሼ ማጠንጠን ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ስንት ጊዜ ይችላል?»

«አንድ ጊዜ። ቢበዛ ሁለት።»

«አንድ ጊዜ አሳየኝ። አባቴን አይቻለሁ። ባሌን ልየው።»

እውነት ነው፤ ማንም አላየውም ነበር። እሳቸውም፣ እኔም፣ ጋሼም ዓይናችንን ጥጉ ላይ ሰክተን መሃሉን ረስተነዋል። አጥርቼ አያለሁ የምል ሰው ያን ግቢ አራት ጊዜ አይቼ ሙሽራውን አላየሁትም። ፊልሙን ቀስ ብዬ አስገባሁ።

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ ወጣች። ግቢው መጣ። ሙሽራው መሃል ላይ ቆሟል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ ሁሉም ወደ ካሜራው ሲያይ እሱ አንገቱን ወደ በሩ አዙሯል። ከዚያ፣ ሰው እንዳያየው ይመስል፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ቀና ሲል ጥግ ላይ ያለው ሰው እግሩን አቁሞ ነበር።

«እጅ ነሳው» አሉ እትዬ። ጥቅሉ አልቆ ባዶው ክንድ ሲሽከረከር ግድግዳው ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ፤ እሳቸው ግን አሁንም መሃሉን ያያሉ። «ይሄን ደግሞ አልነገረኝም።»